ፎርሙን መጨረሻ ላይ ሙሉት

«ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። አጋራችን መሆናችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ ማኅተም አድርጋችሁ ቶሎ ላኩልን።» ሐረር ውስጥ በጥበብ ሥራ የሚተዳደር ሰው እንዲህ ያለ መልእክት ከውጭ አገር ቢደርሰው ብዙም አይደንቀውም። ደብዳቤው ይላካል፤ ገንዘቡም አንዳንዴ ይገኛል። በጀቱ ሲገለጥ ግን ለሐረር ሰዎች የተያዘው የአስተርጓሚ አበልና የጥቂት ቀን የቤት ኪራይ ሆኖ ይገኛል። ሐሳቡን ያመነጨውም፣ ፎርሙን የሞላውም፣ ሒሳቡን የያዘውም ባሕር ማዶ ያለው ወገን ነው። እዚህ ያለው ማኅተም መታ፣ አለቀ።

ይህ ጽሑፍ ነገሩን ከሌላው ጫፍ መጀመር ለምትፈልጉ ነው፤ ኤረር በር አካባቢ የሣር ስፌት ለምትሰፉ፣ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ለምትቀዱና ለምትሰፉ፣ ለሙዚቀኞች፣ ለፊልም ሠሪዎች፣ ያረጁ መጻሕፍት ለምትጠርዙ። ማስታወቂያ ሲወጣ መጀመሪያ እጃችን የሚሮጠው ወደ ፎርሙ ነው። ፎርሙ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። ከሱ በፊት የሚያልቁ ነገሮች አሉ፤ እነሱ ካለቁ ፎርሙን መሙላት የሁለት ሦስት ቀን ጉዳይ ነው።

ሐሳቡን በአንድ ገጽ

በአማርኛ፣ በሐረሪ ወይም በኦሮምኛ፣ በሚቀላችሁ ቋንቋ፣ ምን ልትሠሩ እንዳሰባችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ። ሦስት ነገር ይመልስ፦ በመጨረሻ ምን ይኖራል (ኤግዚቢሽን፣ አልበም፣ ፊልም፣ የሥልጠና ዙር)፣ ለምን ከውጭ ሰው ጋር መሠራት አስፈለገው፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ሐረር ውስጥ ምን ይቀራል። ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ገምጋሚዎች ደግሞ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። የውጭው ሰው ባይኖርም ሥራው በዚያው መልኩ የሚሠራ ከሆነ የትብብር ፈንድ አይመለከተውም። እዚህ የሌለ ሙያ ይዞ መምጣት አለበት፤ ወይም ከእናንተ የሚማረው ነገር ሊኖር ይገባል።

አንድ ምክር በቅንፍ። ራምቦና ጅብን የሐሳባችሁ ራስ አታድርጉ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሐረር የገባው በ1880 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እሱና ስለ ጅቦቹ የተጻፈው ማመልከቻ ገምጋሚዎችን ሳያሰለቻቸው አልቀረም። ጅብ አይነካ ማለቴ ግን አይደለም። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር በ2017 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ ፌስቲቫል ያሳየችው «ሃይራት» የተሰኘ አጭር ፊልም ጅብ ስለሚቀልብ የሐረር ሰው ነው። ልዩነቱ ከውስጥ መታየቱ ላይ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ረጅሙ ፊልሟ «ፋያ ዳዪ»፣ ጫትንና በዙሪያው ያለውን ሕይወት የሚያሳየው፣ ቀረጻው ብቻ ወደ 10 ዓመት የፈጀ ነው። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ ታየ፤ በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ የቪዝዮን ዱ ሬል ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት ወሰደ። ለአመልካች የሚጠቅመው ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ አጭር፣ ያለቀ፣ ሊታይ የሚችል ሥራ፤ ትልቁ በኋላ። «ናሙና አያይዙ» የሚለው የፎርሙ ክፍል ከሐሳባችሁ መግለጫ እኩል ይመዝናል። አምስት ደቂቃ ቪዲዮ ወይም በደህና ብርሃን የተነሡ አሥር ፎቶዎች ከሌሏችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ በዚህ ጀምሩ።

አጋሩን ከማስታወቂያው በፊት

አጋር የሚፈለገው ጥሪ ከወጣ በኋላ ከሆነ፣ ጊዜ ስለሌለ የተገኘው ሁሉ ይያዛል። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ፈልጉ። ሐረር ለዚህ ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የተሻለ መነሻ አላት። የራምቦ የትውልድ ከተማ ሻርልቪል-ሜዚየር የሐረር እኅት ከተማ ናት፤ ይህ ለፕሮጀክት ርዕስ የሰለቸ ቢሆንም ለአጋር ፍለጋ ጥሩ በር ነው። ድሬዳዋ አሊያንስ ፍራንሴዝ አለ። አዲስ አበባ ላይ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ ብሪቲሽ ካውንስልና የጣሊያን የባህል ተቋም ይገኛሉ። ከሁሉ በላይ ግን ቶሮንቶና ሜልበርን ያለው የሐረሪ ማኅበረሰብ አለ። እዚያ የተወለደ ወይም ያደገ አርቲስት በአገሩ የጥበብ ምክር ቤት ማመልከት የሚችል ዜጋ ነው። እናንተ ልታመለክቱ የማትችሉበት ፈንድ በሱ በኩል ይከፈታል፤ ቋንቋውንም፣ ዘመድ አዝማዱንም ያውቃል።

አጋሩ ሲገኝ ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት የሁለት ገጽ ስምምነት ተፈራረሙ። ስለ ወዳጅነት የሚያወራ ደብዳቤ አይበቃም። መሪ አመልካች ማን እንደሆነ፣ ገንዘቡ በማን ሒሳብ እንደሚገባና በምን ያህል ጊዜ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ፣ የሥራ ቀን ክፍያ ስንት እንደሆነ፣ አንዱ ቢወጣ ምን እንደሚደረግ ይጻፍ። ከዚያ የመብቱ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ (ቁጥር 410/1996፣ በኋላ በ872/2007 የተሻሻለው) ለአንድ ሰው ሥራ ጥበቃ ይሰጣል። የስፌት ጥለት ግን የአንድ ሰው አይደለም፤ ከእናት ወደ ልጅ የወረደ የሁላችን ነው። ሕጉ ብቻውን አይጠብቀውም ማለት ነው፤ ውሉ ይጠብቀው። «በፕሮጀክቱ የታየ ጥለት ከሰፊዎቹ የጽሑፍ ፈቃድ ውጭ ለፋብሪካ ምርት አይውልም፤ የተነሣው ፎቶና ቀረጻ ሁሉ አንድ ሙሉ ቅጂ ሐረር ይቀራል» የሚል አንቀጽ አስገቡ። ደህና አጋር አይከፋበትም። ከከፋበት ደግሞ አሁን ማወቃችሁ ይሻላል።

በማን ስም ነው የምታመለክቱት?

አብዛኛው ዓለም አቀፍ ፈንድ ለግለሰብ አይከፍልም፤ የተመዘገበ ተቋም፣ የባንክ ሒሳብና የኦዲት ሪፖርት ይጠይቃል። የሰፈሩ መረዳጃ ማኅበር አፎቻ ምንም ያህል የታመነ ቢሆን በፎርሙ ላይ የምዝገባ ቁጥር የለውም። መንገዶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የአገር ውስጥ ድርጅት ሆኖ መመዝገብ ነው። ይህ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት በ621/2001 ዘመን ብዙ ማኅበራት ከውጭ ሊቀበሉት የሚችሉት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ ታስሮ ነበር፤ ያ ገደብ አሁን የለም። በምትኩ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደረጋል፤ በየዓመቱም የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይቀርባል። ሁለተኛው መንገድ በጥቃቅንና አነስተኛ መደራጀት ነው፤ ለሰፊዎች ቀላሉ ይህ ነው፣ ግን አንዳንድ ለጋሾች «ለትርፍ የሚሠራ» ብለው ይጥሉታል። ሦስተኛው የተመዘገበ ተቋም፣ ማኅበር ወይም ዩኒቨርሲቲ ሒሳቡን እንዲይዝላችሁ መስማማት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታመለክቱ እኔ የማዘነብለው ወደዚህ ነው። ያዡ ተቋም ለአገልግሎቱ የሚቆርጠውን መቶኛ ብቻ ቀድማችሁ በጽሑፍ አድርጉት።

የትኛው ፈንድ

ሁሉም ጋ ማመልከት ድካም ነው። ፈንዶች በሚጠይቁት አጋርና በሚከፍሉለት ሥራ ይለያያሉ።

የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የባህል ብዝኃነት ፈንድ እስከ 100,000 ዶላር ይሰጣል። ከ2005ቱ (እ.ኤ.አ.) የዩኔስኮ የባህል ብዝኃነት ስምምነት የመጣ ስለሆነ የሚያየው የባህል ኢንዱስትሪን፣ ሥልጠናን፣ ገበያንና ፖሊሲን ነው፤ ግንብ መጠገን የሱ ሥራ አይደለም። ማመልከቻው በአዲስ አበባ ባለው የዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ተጣርቶ ስለሚያልፍ ከዓለም አቀፉ ቀን በፊት የአገር ውስጥ ቀን አለ። ብዙ ሰው የሚቀረው እዚያ ላይ ነው፤ ኮሚሽኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የጎተ ኢንስቲትዩት የጋራ ፕሮዳክሽን ፈንድ ለቴአትር፣ ለዳንስ፣ ለሙዚቃና ለፐርፎርማንስ ነው፤ ጀርመን ያለ አጋር ይፈልጋል። የብሪቲሽ ካውንስል የትብብር ዕርዳታዎች የእንግሊዝ አጋር ይጠይቃሉ። ለምሥራቅ አፍሪካ የባህል ዘርፍ ከአውሮፓ ኅብረት የመጣው «ኢግናይት ካልቸር» የተመራው ናይሮቢ ባለው ሄቫ በተባለ ድርጅት በኩል ነው፤ የእንዲህ ዓይነት ፈንዶች ዙር ይከፈታል ይዘጋል፣ ስለዚህ ያለፈውን ጥሪ መመሪያ አውርዳችሁ ለሚቀጥለው ተዘጋጁ። ግለሰብ ለሆነ ወጣት አርቲስት የኔዘርላንዱ ፕሪንስ ክላውስ ፈንድ «ሲድ» ሽልማት 5,000 ዩሮ ነው፤ አጋርም ማኅበርም አይጠይቅም። ናሙና ሥራ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ መነሻ ብዙ የለም።

ፊልም ሌላ ዓለም ነው። ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከአንድ ቦታ አይመጣም፤ ከየአገሩ እየተለቀመ ይገጣጠማል። በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፌስቲቫል ላይ በ«አን ሰርታን ረጋር» ክፍል የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» የኢትዮጵያ፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የኖርዌይና የኳታር የጋራ ሥራ ነው። ለዚህ መንገድ በየአገሩ አንድ ፕሮዲዩሰር ያስፈልጋል። ዋናው የእናንተ ሥራም ያንን ፕሮዲዩሰር ማግኘት ነው።

የጉዞና የነዋሪ አርቲስት ጥሪዎችን ለመከታተል «ኦን ዘ ሙቭ» የተባለው መረብ ይጠቅማል። ለማመልከቻ «የአገልግሎት ክፍያ» አስቀድማችሁ ላኩ የሚል ካጋጠማችሁ ግን ዝጉት፤ እውነተኛ የጥበብ ፈንድ ገንዘብ ለመስጠት ብሎ ገንዘብ አይቀበልም።

ፈቃድ

በግንብ የታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ ጀጎል፣ ከነግንቧ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በግንቡ ላይ ምስማር መምታት፣ ቀለም መቀባት፣ ሸራ መወጠር፣ በሮቹ ሥር መድረክ መትከል የቅርስ ጉዳይ ነው፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይመለከተዋል። ከክልሉ የባህል፣ ቅርስና ቱሪዝም ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ ለማግኘት ሁለት ወር አስቡ። ደብዳቤው የፕሮጀክቱን ስም፣ ቦታውንና ወራቱን ይጥቀስ፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ባዶ ድጋፍ ገምጋሚ አይቆጥረውም።

የሰው ፈቃድ ከቢሮው ፈቃድ ይለያል። የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ በኅዳር 2016 መጨረሻ በዩኔስኮ ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ከገባ ወዲህ ካሜራ የሚያነሣው ሰው በዝቷል። በዓሉን፣ ዚክሩን ወይም የአውልያ ቦታን የሚነካ ሥራ ከሆነ ሙሪዶቹን (የቦታው ጠባቂዎችን) እና የሰፈሩን ሽማግሌዎች መጀመሪያ አነጋግሩ። ማን ምን ላይ እንደተስማማ በአጭር ቃለ ጉባኤ ይዛችሁ ከማመልከቻው ጋር አያይዙት። ከብዙ ገጽ የንድፈ ሐሳብ ጽሑፍ ይልቅ ይህ ሰነድ ይናገራል።

በጀት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ጽሑፉን አሳምሮ በጀቱን በመጨረሻዋ ሌሊት የሚሠራ ሰው የሚወድቀው በዚህ ነው፤ ገምጋሚ ደግሞ ውሸትን ከቃል ይልቅ ከቁጥር ቶሎ ያነባል።

ለምሳሌ ያህል ስድስት የሐረር ሰፊዎችና ሁለት የውጭ የጨርቃ ጨርቅ አርቲስቶች ለአንድ ዓመት የሚሠሩበት የ20,000 ዩሮ ፕሮጀክት እናስብ። የባለሙያ ክፍያ 8,000፤ ጉዞ፣ ቪዛና መኝታ 4,500፤ ቁሳቁስ 1,500፤ ማስተባበርና ማስተርጎም 1,800፤ ቀረጻ፣ ኅትመትና ኤግዚቢሽን 2,000፤ አስተዳደር 1,200፤ መጠባበቂያ 1,000። ድምሩ ይገጥማል። ግን ከእያንዳንዱ መሥመር ጀርባ የሚነሣ ጥያቄ አለ።

8,000ው እንዴት ተከፈለ? ለእንግዳው በቀን 200፣ ለሰፊዋ በቀን 10 ዩሮ ከሆነ «ትብብር» የሚለው ቃል በራሱ በጀት ይፈርሳል። የኑሮ ውድነት ልዩነትን ማንም ይረዳል፤ ሃያ እጥፍን ግን ማስረዳት አይቻልም። ለሁሉም አንድ የቀን ተመን አድርጉ፤ ካልሆነም ልዩነቱን ከምክንያቱ ጋር ጻፉት። ሰፊዋ ቤቷ ተቀምጣ የምትሠራበትም ቀን የሥራ ቀን ነው። አንድ ትልቅ ስፌት ወራት ይወስዳል፤ የውጭ አጋሮች ይህን አያውቁም፣ እናንተ ካልነገራችኋቸው በሳምንት ያልቃል ብለው ያቅዳሉ።

ጉዞው ላይ፦ ከአዲስ አበባ ሐረር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በአውሮፕላን ከሆነ ድሬዳዋ ተወርዶ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይኬዳል። ይህን የመጨረሻ ክፍል ውጭ አገር የተሠራ በጀት ሁልጊዜ ይረሳዋል። ሰፊዋ አውሮፓ የምትሄድ ከሆነ ለቪዛ አሻራ ለመስጠት አዲስ አበባ መመላለስ አለባት፤ የዚያ ትኬትና አልጋ የት ተጻፈ? የሼንገን ቪዛ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ግዴታ ነው። ቪዛ ቢከለከልስ? ለዚህም አንድ ዓረፍተ ነገር ይኑር፦ «ቪዛ ካልተገኘ የጉዞው ገንዘብ ሐረር ለሚደረግ ሁለተኛ ዙር ሥራ ይውላል።» ይህን ያየ ገምጋሚ አገሩን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ይገባዋል።

ምንዛሪን በተመለከተ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የሆነውን አስታውሱ። ብሔራዊ ባንክ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለሰዎች በብር ቃል የገባችሁት ክፍያ ዋጋው በአንድ ሌሊት ሊወርድ ይችላል። በጀቱን በለጋሹ ገንዘብ ሥሩ፤ በብር በሚፈረመው ውል ላይ ደግሞ «ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን የባንክ ተመን ይሰላል» ብላችሁ ጻፉ። የምንዛሪው ጭማሪ ለሠሪው እንጂ ለሒሳብ ያዡ አይሁን።

የራሳችሁንም መዋጮ አትርሱ። ብዙ ፈንዶች ከጠቅላላው ወጪ የተወሰነው ከሌላ ምንጭ እንዲመጣ ይፈልጋሉ። በነፃ የምትሰጡት ጊደር ጋር (የሐረሪ ቤት ዋና ክፍል)፣ የምታውሱት የቆየ ስፌት፣ የአስተባባሪ ሰዓት ሁሉ ዋጋ አለው፤ «በዓይነት የተደረገ መዋጮ» በሚለው መሥመር ተምኑና አስገቡት።

ሦስት ዘመን መቁጠሪያ

ለጋሹ በጎርጎርዮስ ይቆጥራል፣ መሥሪያ ቤቱ በኢትዮጵያ፣ ከተማው ደግሞ በሒጅራ ይጾማል። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይገባል፤ በዚያ ወር ሙሉ ቀን ወርክሾፕ ማቀድ ማንንም አይጠቅምም። ለስፌት የሚሆነው ሣር የሚሰበሰበው ክረምቱ ሲያበቃ ነው፤ ገንዘቡ በግንቦት ደርሶ ሥራው በሰኔ ይጀመር ከተባለ ስንደዶውና አክርማው ካለፈው ዓመት ተገዝቶ መቀመጥ አለበት። ሰነዶች ላይ ደግሞ የእኛ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን ለለጋሹ አስረዱ፤ «የ2017 ኦዲት» ሲያይ ያረጀ የድሮ ሰነድ የመሰለው ሰው ይኖራል። የ2017 በጀት ዓመት ማለት ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025፣ በነሱ አቆጣጠር፣ መሆኑን በግርጌ ጻፉ።

ፎርሙ

አሁን ፎርሙን ክፈቱ። ጥያቄዎቹን ሁሉ ወደ ወረቀት ገልብጡ፤ መልሱን በአማርኛ ተወያዩበት፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አምስት ሰው የጻፈው ማመልከቻ ያስታውቃል። የተጋነነ ቃል ቀንሱ። «የማኅበረሰቡን ሕይወት እንለውጣለን» ከማለት «ስድስት ሴቶች በዓመት ውስጥ አሥራ ሁለት አዳዲስ ሥራዎች ሠርተው በራሳቸው ስም ይሸጣሉ» ማለት ይሻላል። የሰው ስም በሁሉም ሰነድ እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ፤ አንድ ቦታ መሐመድ በአንድ ፊደል፣ ሌላ ቦታ በሌላ ከተጻፈ ባንኩ ጋ ሲደረስ ገንዘቡ ይቆማል።

ሰዓቱንም አስሉ። በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት 23:59 የሚዘጋ ማመልከቻ በክረምታቸው ለእኛ ከሌሊቱ 7:59 ነው፤ በበጋቸው ደግሞ 6:59። ይህን ማወቁ ጥሩ ነው፤ ግን እስከዚያ አትጠብቁ፤ መብራት ወይም ኔትወርክ የሚጠፋው ልክ በዚያች ሌሊት ነው። ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ላኩና የደረሰኝ መልእክቱን አስቀምጡ።

ካልተሳካ የገምጋሚዎቹን አስተያየት በትሕትና ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይሰጣሉ፣ የሚቀጥለው ማመልከቻም ግማሹ ከዚያ ይወጣል።

ከተሳካ ደግሞ ገንዘቡን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር ጨርሱ። ለጋሹ ለእያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ ይጠይቃል። ገበያ ወጥታ ሣር የምትሸጥ ሴት፣ ዕቃ የሚሸከም ልጅ፣ ባጃጅ የሚነዳው ደረሰኝ የላቸውም። ስለዚህ የከፋዩ ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ የተከፈለው መጠን፣ ምክንያቱ፣ ቀኑና ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለበት የክፍያ ቅጽ አዘጋጅታችሁ ለጋሹ በኢሜይል እንዲቀበለው አድርጉ። መልሱን አትማችሁ ከውሉ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስሩት፤ ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።